ለበጎ ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ፦ መጀመሪያ ማን ምን እንደሚችል እወቁ

ሰፈራችን ውስጥ ዘጠኝ ሆነን ለተቸገሩ ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም ማሟላት ከጀመርን ስድስት ዓመት ሆነን። ብዙ ኮሚቴ ሲቋቋም የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ብር እናገኛለን?» ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት «ከመካከላችን ማን ምን ይችላል?» ብላችሁ ተቀመጡ እላለሁ። እኛ ይህን ሳናደርግ ሁለት ዓመት ሙሉ ደክመናል።

1. ተሰጥኦችሁን ሌላ ሰው ይንገራችሁ

ብቻችሁን አስባችሁ አታገኙትም። በደንብ የሚያውቋችሁን ሦስት ሰዎች «ምን ሲያጋጥማችሁ ነው ለእኔ የምትደውሉልኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ሰው ሲጣላ ለማስታረቅ ይጠራል። አንዷ ቢሮ ለቢሮ የሚያዞር ጉዳይ ሲመጣ ትፈለጋለች። ሌላው ለቅሶ ቤት ድንኳን ለማስተከል ይጠራል። እኔን ጓደኛዬ «ሆድ ሲብሰኝ አንቺ ጋ ነው የምመጣው፤ ታዳምጫለሽ» አለችኝ። በጊዜው ቅር ብሎኝ ነበር። ማዳመጥ ምን ብር ያመጣል ብዬ። ሰው የሚችለውን ነገር ስለማያደክመው እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም።

2. ሥራውን በችሎታ አከፋፍሉ

የዕድር አባቶች ዳኛን፣ ጸሐፊንና ገንዘብ ያዥን የሚለዩት በከንቱ አይደለም። እኛ ግን ገንዘብ ያዥ ያደረግነው ሁላችንም የምንወዳትን ልጅ ነበር። ሰው ወዳድ ናት፤ ሂሳብ ግን አይሆንላትም። አሁን እሷ እንግዳ ትቀበላለች፣ ሰው ታስተባብራለች። ገንዘቡን የያዘው ስብሰባ ላይ አንድ ቃል የማይተነፍስ ወጣት ነው። ማታ ማታ የቴሌብር መልእክቶቹን ከደብተሩ ጋር አንድ በአንድ ሲያመሳክር ያመሻል፤ አምስት ብር ብትጎድል አይተኛም።

መሪዋ እኔ ነኝ፤ «እምቢ» ማለት ግን አልችልም። ስለዚህ ጸሐፊያችን ከዕቅዱ ውጪ ወጪ ሲመጣ የምታስቆም ቆፍጣና ሴት ናት። መሪ የጎደለውን የሚሞላለት ሰው አጠገቡ ሊኖር ይገባል።

3. ገንዘብ መጠየቅ

ከባዱ ይሄ ነው።

በሦስተኛው ዓመት አዳራሽ ተከራይተን የራት ፕሮግራም አዘጋጀን። መድረክ ላይ የሚያስለቅስ ተናጋሪ አይቼ ስለነበር እንደሱ ለመሆን ሞከርኩ። ጮህኩ፣ ተማጸንኩ። ሰው አጨበጨበ፤ የቃል መግቢያ ወረቀቱ እየተሞላ መጣ። ሲደመር 140 ሺህ ብር ሆነ። በሦስት ወር ውስጥ የገባው 37 ሺህ ብቻ ነው። ስደውል ስልክ አይነሳም። ለዓመታት የማውቃት ጎረቤቴ መንገድ ላይ ስታየኝ ወደ ማዶ ተሻገረች። ከብሩ ይልቅ ያ አመመኝ። ሰውን ሞቅ ባለ ሰዓት በሰው ፊት ቃል ማስገባት እፍረት ውስጥ መክተት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። መድረክ የሚሆንለት ሰው ካላችሁ እሱ ይናገር፤ ሰውም የቻለውን እዚያው በስልኩ ያስተላልፍ። ቃል መግቢያ ወረቀት ይቅርባችሁ።

ከዚያ በኋላ ወደማውቀው ተመለስኩ። ሰው ጋ ብቻዬን እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አዳምጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላቸው አንድ አባት ጋ ገባሁ። ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ «እርስዎ እንዴት ነበር የተማሩት?» አልኳቸው። አንድ ደብተር ለሁለት ቀደው ከወንድማቸው ጋር ይካፈሉ እንደነበር አጫወቱኝ። ወደ አንድ ሰዓት ገደማ አወሩኝ። በመጨረሻ ራሳቸው «ስንት ደብተር ነው የጎደላችሁ?» አሉ። «ለአንድ ልጅ 12፤ ልጆቹ 20 ናቸው» አልኩና ዝም አልኩ። ተነስተው ከመደርደሪያው ማውረድ ጀመሩ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። «የቻሉትን» አትበሉ፤ የቻሉትን ስትሉ ሰው የሚያሳፍረው እንዳይሆን እያሰበ ይጨነቃል። የአንድ ልጅ ደብተር፣ የአንድ ልጅ ዩኒፎርም እያላችሁ ቁርጡን ተናገሩ። ቁጥሩን ከተናገራችሁ በኋላ ደግሞ ዝም በሉ። እኔ ዝምታው ስለሚያስጨንቀኝ «ግን ካልተመቸዎት...» ብዬ ብዙ ጊዜ በገዛ እጄ አበላሽቻለሁ።

ጥሩ ቡና የምታፈላ ካለች የቡና ፕሮግራም ታዘጋጅ። ጨረታ ማጫረት የሚችል ካለ ሥዕል ያጫርት። በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበት ጎፈንድሚ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ አይልክም፤ ዘመቻውን የሚከፍተው እንደ አሜሪካ ባለ ጎፈንድሚ በሚሠራበት አገር ያለ ሰው ነው። ያንን ሰው በዝምድና አትምረጡት። ሂሳብ የሚይዝና የሚያሳውቅ ይሁን።

4. ሂሳብና ሕግ

የባንክ ሂሳቡ በጣምራ ፊርማ ይንቀሳቀስ። ለትንሽ ብርም ደረሰኝ ያዙ። ሥራው ሰፍቶ እንደ ድርጅት ስትመዘገቡ የሚገዛችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራትም ይፈቅዳል። ቆፍጣናዋን ጸሐፊ ይህን አስነብቧት።

5. ተመልሳችሁ ሂዱ

ብር ስትፈልጉ ብቻ ሰው ቤት አትታዩ። የልጆቹን ፊት ፎቶ እያነሳችሁም አትላኩ፤ ነገ ትምህርት ቤት የሚያሳቅቃቸው እነሱን ነው። ለሱቁ አባት የወሰድኩላቸው ክፍልና የደብተር ብዛት ብቻ ያለበት ወረቀት ነበር፤ የልጆቹን ስም አልጻፍንበትም። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው «መጋቢት ላይ አያልቅባቸውም?» አሉኝ።