የመማር ችግር ያለባቸውን ልጆች የቤት ሥራ በበጎ ፈቃድ ለማስጠናት

የመማር ችግር ያለበትን ልጅ በበጎ ፈቃድ ለማስጠናት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ግልጽ ሊያደርገው የሚገባው የሥራውን ግብ ነው። ግቡ ደብተሩን ሞልቶ መመለስ ሳይሆን ልጁ የት ላይ እንደሚሰናከል ማወቅና ያንን እርምጃ ራሱ እንዲራመደው ማገዝ ነው። በአስጠኚው ጥረት የተሟላ ደብተር መምህሩን ያሳስታል፤ ትምህርቱ የገባው መስሎት ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል፣ ልጁም ብቻውን ለፈተና ሲቀመጥ የባሰ ይደነግጣል። ስለዚህ ከአምስት ጥያቄዎች ሁለቱን በራሱ የሠራ ልጅ ሁለቱን ይዞ ይሂድ፤ ከሥሩም «እነዚህን ያለ እርዳታ ሠርቷል፤ ሦስተኛው ላይ ሲቀንስ ከአሥር ቤት መበደር አስቸግሮታል» ብለው ለመምህሩ አጭር ማስታወሻ ይጻፉ።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ፈቃድ ያግኙ፤ ቢቻል ከክፍል መምህሩም ጋር ይነጋገሩ። የልጁ ዓይንና ጆሮ ተመርምረው እንደሆነ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚደክመው፣ ከዚህ በፊት ምን እንደረዳው ይጠይቁ። የምታጠኑበት ቦታ ሌሎች ሰዎች የሚያዩት ይሁን፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከልጁ ጋር ብቻዎን አይቀመጡ። ስለ ልጁ የሰሙትንም ጉዳዩ ለማይመለከተው ሰው አያውሩ።

ችግሮቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። ዲስሌክሲያ ንባብን፣ ዲስካልኩሊያ ቁጥርን፣ ዲስግራፊያ ጽሕፈትን ያከብዳል፤ የትኩረት ማነስ ደግሞ ከማናቸውም ጋር ተደርቦ ሊመጣ ይችላል። ዲስሌክሲያ የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1887 ያወጣው ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን ቢሆንም፣ ችግሩ ከዓይን ሳይሆን በዋናነት አእምሮ ድምፅን ከፊደል ጋር ከሚያገናኝበት መንገድ የሚመጣ ነው፤ ከልጁ የማሰብ ችሎታም ጋር አይያያዝም። ይህን ማወቅ ይጠቅማል እንጂ ለልጁ ስም ማውጣት የአስጠኚ ድርሻ አይደለም። ያስተዋሉትን ለወላጅና ለመምህሩ በዝርዝር ይንገሩ፤ ምርመራውን ግን ለባለሙያ ይተዉ።

ልጁ ሲሳሳት ትክክለኛውን መልስ ለመንገር አይቸኩሉ፤ «እንዴት እንደሠራኸው እስቲ አሳየኝ» ይበሉት። ለምሳሌ 42 ሲቀነስ 17 የሚለውን ጥያቄ ሠርቶ 35 የጻፈ ልጅ ቢያጋጥምዎ፣ ሲጠየቅ «ከሰባት ላይ ሁለት ሲቀነስ አምስት፣ ከአራት ላይ አንድ ሲቀነስ ሦስት» ሊልዎ ይችላል። ይህ ልጅ በግምት አልሠራም፤ ሁልጊዜ ከትልቁ አኃዝ ላይ ትንሹን መቀነስ የሚል የራሱ ሕግ አለው፣ ሕጉንም ሳያዛንፍ ተከትሏል። እንዲህ ያለውን ልጅ አሥር ተመሳሳይ ጥያቄዎች ቢያሠሩት ያው ስሕተት አሥር ጊዜ ይደጋገማል። ይልቁንም አሥር አሥር እንጨቶችን አስረው አራት እስርና ሁለት ነጠላ ያቅርቡለትና «ከዚህ ላይ አሥራ ሰባት ስጠኝ» ይበሉት። ሰባት ነጠላ ሲፈልግ ሁለት ብቻ ያገኛል፤ ጥቂት ያመነታል፣ ከዚያ አንዱን እስር ለመፍታት ይነሣል። በዚያች ቅጽበት ዝም ማለት ከሁሉም የሚከብደው የአስጠኚ ሥራ ይመስለኛል፤ ሆኖም መበደር ምን ማለት እንደሆነ ልጁ የሚረዳው እስሩን በገዛ እጁ ሲፈታ ነው። ሁለት እስርና አምስት ነጠላ እንደቀሩት ቆጥሮ ሲጨርስ ያንኑ ሥራ እዚያው በወረቀት ላይ እንዲጽፈው ያድርጉ።

ንባብ ለሚከብደው ልጅ አብሮ ማንበብ ጥሩ መንገድ ነው። ሁለታችሁም በልጁ ፍጥነት ድምፃችሁን አውጥታችሁ ታነባላችሁ፤ ብቻውን ለመቀጠል ሲደፍር ጠረጴዛውን መታ ያደርግና እርስዎ ዝም ይላሉ። ሲሰናከል አራት ወይም አምስት ሰከንድ ያህል ይጠብቁት፤ ካልሆነለት ቃሉን ነግረውት አብራችሁ ቀጥሉ። ሰ እና ለን ወይም ተ እና ቸን ለሚያደባልቅ ልጅ ሁለቱን በአንድ ቀን አያስተምሩ፤ አንደኛውን ድምፁን እየጠራ በአሸዋ ወይም በጠረጴዛ ላይ በጣቱ ደጋግሞ እንዲጽፍ ያድርጉ፣ እሱ ከጸና በኋላ ሌላውን ያምጡ። የቤት ሥራው የሒሳብ ከሆነ ግን ጥያቄውን ራስዎ ቢያነቡለት ምንም ነውር የለውም፤ በዚያ ሰዓት የሚፈለገው ስሌቱ ነውና።

ትኩረት ለሚያጥረው ልጅ ሥራውን በአሥር በአሥር ደቂቃ ይከፋፍሉለት፣ በየመሐሉም ተነሥቶ ይንቀሳቀስ። ገጹ በጥያቄ የተጨናነቀ ከሆነ አንዱን ብቻ አስቀርተው ሌላውን በወረቀት ይሸፍኑ። ትእዛዝም አንድ በአንድ ይስጡ።

እነዚህ ልጆች «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ጠግበውታል። ብዙዎቹ ከሌሎቹ እጥፍ እየደከሙ የተሰደቡ ናቸው፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በጅምላ «ጎበዝ» ማለት ግን ቁስሉን አያሽረውም፣ ልጁም አያምነውም። «ቃሉን ተሳስተህ አንብበህ ራስህ ተመልሰህ አረምከው» ሲባል ግን የተባለውን ነገር ማድረጉን ራሱ ያውቀዋል።

በቀጠሮ ቀን አለመቅረት ከማንኛውም ዘዴ ይበልጣልና፣ በሳምንት ሦስት ቀን ቃል ገብተው ከሚያጓድሉ አንድ ቀን ወስነው ይገኙ። ማስጠናቱን የሚያቆሙ ከሆነም ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለልጁ ይንገሩት፤ መቅረትዎን የራሱ ጥፋት አድርጎ እንዳይወስደው ምክንያትዎን ያስረዱት፣ የጻፏቸውንም ማስታወሻዎች በወላጁ ፈቃድ ለሚተካዎ ሰው ያስረክቡ።