ቱቦው ቀዝቅዞም ሳያበራ ሲቀር፦ የፎስፎረሰንስ ችግርና መፍትሄ

የቤንዞፌኖን ወይም የናፍታሊን ፎስፎረሰንስ (ሞለኪውሉ በብርሃን ከተነቃ በኋላ ቀስ ብሎ የሚለቀውን ብርሃን) ሊለኩ ተነስተው መሣሪያው ባዶ መስመር ካሳየ፣ መሣሪያውን ከመፈታታት በፊት ቱቦውን በዓይን ይመልከቱ። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

ችግር፦ ፈሳሹ በክፍል ሙቀት ምንም አያበራም።
ከትሪፕሌት ደረጃ (የሁለት ኤሌክትሮኖች ስፒን ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነበት የተነቃ ሁኔታ) ወደ መነሻው መመለስ የኤሌክትሮን ስፒን መገልበጥን ስለሚጠይቅ አዝጋሚ ነው። በ77 ኬልቪን (በፈሳሽ ናይትሮጅን ሙቀት) ቤንዞፌኖን ጥቂት ሚሊሰከንድ፣ ናፍታሊን ከ2 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በፈሳሽ ውስጥ ግን ሞለኪውሉ ይህን ያህል ሳይቆይ ከኦክስጅን ጋር ተጋጭቶ ጉልበቱን ይነጠቃል። ስለዚህ መፍትሄው ኦክስጅኑን ለማስወጣት ናሙናውን እያቀዘቀዙ በቫኪዩም መሳብ፣ ዘግቶ ማቅለጥ፣ ይህንኑ ደጋግሞ በመጨረሻ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ነው። ክፍት ቱቦ ናይትሮጅን ውስጥ ትቶ መሄድ ግን አደጋ አለው፤ ኦክስጅን በ90 ኬልቪን ፈሳሽ ስለሚሆን ቱቦው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከኢተር ጋር ከተገናኘ ሊፈነዳ ይችላል።

ችግር፦ ቀዝቅዟል፤ ግን ቱቦው እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ንባቡ ይዘበራረቃል።
ቅዝቃዜ ብቻውን አይበቃም፤ አሟሚው እንዴት እንደጠጠረ ወሳኝ ነው። ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን C₆H₆) እና ሳይክሎሄክሴን ሞለኪውላቸው የተስተካከለ ቅርጽ ስላለው በቀላሉ ይደረደራሉ፤ ክሪስታል ሲሠሩም የሟሟውን ነገር ወደ ዳር ገፍተው ያጠራቅሙታል፣ ብርሃኑንም ይበትኑታል። የሚያስፈልገው መደርደር የማይሆንለት አሟሚ ነው። ዳይኤትል ኢተር፣ አይሶፔንቴንና ኤታኖል በ5፦5፦2 ሲቀላቀሉ ቅርጻቸው ስለማይገጥም እንደ ብርጭቆ ጠርተው ይጠጥራሉ። 2-ሜትል ቴትራሃይድሮፉራንም ጥሩ ነው። አሟሚው እርጥበት ካለው ግን ይደፈርሳልና አስቀድሞ ይድረቅ። እንደ ብርጭቆ የጠጠረው አሟሚ ከተሰነጣጠቀ ቀጭን ቱቦ ይጠቀሙ።

ክሪስታል ሁሉ ጠላት አይደለም፦ የሶቪየቱ ፊዚሲስት ሽፖልስኪ በ1952 እንዳሳየው፣ ርዝመቱ ከሞለኪውሉ ጋር የሚገጥም ቀጥተኛ ሰንሰለት ያለው አልኬን (alkane) ሲጠጥር በብርሃኑ ስፔክትረም ላይ እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ይሰጣል። ለዚህ ዓይነት ሥራ እንደ ብርጭቆ የሚጠጥር አሟሚ አይመረጥም።

ችግር፦ ብርሃኑ አለ፤ ግን ወደ ቀይ ሸሽቷል፣ ዕድሜውም አጥሯል።
ናይትሮጅኑ ወርዶ ናሙናው ሞቋል። 2-ሜትል ቴትራሃይድሮፉራን 91 ኬልቪን አካባቢ ሲለሰልስ፣ በተነቃው ሞለኪውል ዙሪያ ያሉት የአሟሚ ሞለኪውሎች ቦታ መቀያየር ይጀምራሉ። ናይትሮጅኑን ከብርሃን መግቢያው በላይ ይሙሉ።

ናይትሮጅኑ ሳይጎድል ልዩነቱ ከቀጠለ አሟሚውን ይጠርጥሩ። ሃይድሮጅን ቦንድ የሚሠራ እንደ ኤታኖል ያለ አሟሚ የአንዳንድ ኬቶኖችን (የቤንዞፌኖን ቤተሰብ ውህዶችን) ትሪፕሌት ደረጃዎች ቅደም ተከተል ስለሚገለብጥ፣ የብርሃኑ ዕድሜ በብዙ እጥፍ ይረዝማል። ውጤትዎን በዚያው አሟሚ ከተለካ ንባብ ጋር ብቻ ያነጻጽሩ።