የመኪና መስታወት አልወጣ፣ አልወርድ ሲል፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የበር መስታወት እምቢ ሲል ብዙ ሰው ጥፋቱን ቀድሞ የሚጥለው በበሩ ውስጥ መስታወቱን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ላይ ነው። «ተቃጥሏል» ይባልና ሌላ ሞተር ይገዛል፣ በሩ ይፈታል፣ ይገጠማል፤ መስታወቱ ግን እዚያው እንደቆመ ይቀራል። ለካ የተበጠሰችው አንዲት ቀጭን ሽቦ ናት፣ ወይም የጠቆረው የስዊቹ ውስጥ ነው። እንዲህ እየተባለ የሚባክነው ገንዘብ በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ብልሽት ካቻቪቴ ከመነሳቱ በፊት ራሱን ይናገራል።

ስለዚህ መጀመሪያ አዳምጡ። መኪናውን ሳታስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ፣ ሬዲዮውንና ማራገቢያውን አጥፉ፣ የጣሪያውን መብራት አብሩ። ከዚያ ጆሯችሁን ወደ በሩ አስጠግታችሁ ስዊቹን ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ያዙት። ሞተሩ እየዞረ መስታወቱ ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ የኤሌክትሪክ አይደለም፤ የማንሻው፣ ማለትም መስታወቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የበሩ ውስጥ ብረት ነው። ድምፅ ባይኖርም ስዊቹ ሲነካ የጣሪያው መብራት ትንሽ ደብዘዝ ካለ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ድረስ እየደረሰ ነው፤ ሞተሩ ወይም መስታወቱ ተይዟል ማለት ነው። ድምፅም የለም፣ መብራቱም ንቅንቅ አላለም? እንግዲያው ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ሁሉም መስታወቶች በአንድ ጊዜ ከቆሙ

አራት ሞተር በአንድ ቀን አይቃጠልም። ፊውዙን እዩ። የፊውዝ ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ ከዳሽቦርዱ ሥር በሾፌሩ በኩል ነው፤ ሌላ ደግሞ ኮፈኑ ውስጥ አለ። የትኛው የመስታወት እንደሆነ ክዳኑ ላይ ያለው ሥዕል ያሳያል፤ ብዙ መኪና ላይ ከ20 እስከ 30 አምፔር ነው። የተቃጠለውን በዚያው አምፔር ብቻ ተኩ። ሽቦ ጠምዝዞ መክተት ወይም ከፍ ያለ አምፔር ማስገባት በበሩ ውስጥ ያለውን ሽቦ ማቃጠል ነው፤ ፊውዙ የተቀመጠው ያ እንዳይሆን ነው። አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ አንድ ቦታ ሽቦው ተልጦ ብረት ነክቷል፤ ከታች በበሩ ማጠፊያ በኩል ስላለው የጎማ ቱቦ የተጻፈውን ተመልከቱ።

ፊውዙ ደህና ከሆነ ሪሌውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ትንሽ ሳጥን ሞክሩ። በሳጥኑ ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥር የተጻፈበት ሌላ ሪሌ ካለ ቦታ አለዋውጡና እዩት። ምንም ወጪ የለውም።

የሾፌሩ ይሠራል፣ የሌሎቹ አይሠሩም

በሾፌሩ በር ላይ ያለው የመስታወት መቆለፊያ ተጭኖ ይሆናል። ልጆች እንዳይከፍቱ ተብሎ ይጫንና ይረሳል። በዚህ ብቻ ጋራዥ የሚሄድ መኪና አለና መጀመሪያ እሱን ፈትሹ።

አንዱ በር ብቻ ጭጭ ካለ

እዚህ ጋ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። የመስታወቱ ሞተር በ12 ቮልት የሚሠራ ነው፤ በተራው ዓይነት ላይ የሚገቡበት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ፖዘቲቭ ሌላኛው ማሳ (ኔጋቲቭ) ሲሆን መስታወቱ ይወርዳል፤ ሲገለበጡ ይወጣል። ስዊቹ ሳይነካ ሲቀር ሁለቱም ማሳ ላይ ይቀመጣሉ። በብዙ መኪናዎች፣ በተለይ በቆዩት ቶዮታዎች፣ የተሳፋሪው በር መስመር በሾፌሩ በር ዋና ስዊች በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዋናው ስዊች ሲበላሽ የኋላው በር በራሱ ስዊችም ላይሠራ ይችላል። ይህን ሳያውቁ የኋላውን በር መፍታት ከንቱ ድካም ነው።

መስታወቱን ከሁለቱም ቦታ ሞክሩት። ከሾፌሩ በኩል የሚሠራ፣ ከራሱ በር የማይሠራ ከሆነ የበሩ ስዊች ነው። በተቃራኒው ከራሱ በር ሠርቶ ከሾፌሩ እምቢ ካለ ዋናው ስዊች ነው። ወደ ታች እሺ፣ ወደ ላይ እምቢ ማለትም ብዙ ጊዜ የስዊች ምልክት ነው፤ ሁለቱንም አቅጣጫ የሚያዞረው ያው አንድ ሞተር ስለሆነ። በብዙ ሞዴል የግራና የቀኝ የኋላ በር ስዊቾች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሶኬታቸው ከገጠመ አለዋውጣችሁ ሞክሩ።

ስዊቹ ጥፋተኛ ከሆነ ከመግዛት በፊት ሊጸዳ ይችላል። ጥቃቅን ስፕሪንጎችና የመዳብ ምላሶች ስላሉት ክዳኑ ሲነሳ ፈንጥረው ይጠፋሉ፤ ግልጽ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ እጃችሁን አስገብታችሁ ክፈቱት። ምላሶቹ የሚነኩበት ነጥብ በእሳት ብልጭታ ጠቁሮ ታዩታላችሁ። በአልኮል የረጠበ ጨርቅ አሻሹት፤ ጥቁረቱ ካልለቀቀ በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አንዴ ሁለቴ ብቻ አሳልፉበት። ለስላሳ መጠጥ ፈሶበት የተጣበቀ ስዊች ደግሞ በአልኮል ታጥቦ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ነጥቡ ተበልቶ ከጎደጎደ ግን ማጽዳቱ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀይሩት።

አሁን ደግሞ ሰዎች የማያዩት ቦታ፦ በበሩና በመኪናው አካል መካከል፣ በማጠፊያው በኩል ያለው የተጨማደደ የጎማ ቱቦ። የበሩ ሽቦዎች በሙሉ በዚያ ያልፋሉ፤ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥርም ይታጠፋሉ። ከሁሉ በላይ የሚሠቃየው ብዙ የሚከፈተው የሾፌሩ በር ነው። አንድ ሰው ስዊቹን ይዞ ይቀመጥ፤ እናንተ በሩን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ፣ ጎማውን እሹት። መስታወቱ አንዴ ንቅንቅ ካለ አገኛችሁት። የማእከላዊ ቁልፉ ወይም የበሩ ስፒከርም አብሮ የሚቆራረጥ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይጠጋል።

ባትሪውን ንቀሉ፣ ጎማውን ከጠርዙ አላቁና ወደ ኋላ ሳቡት። ሽቦው ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል በዓይን ብቻ አትመኑ። እያንዳንዱን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ የተበጠሰው ላስቲኩ ብቻ ስለያዘው ይለጠጣል። ሲጠገን መጋጠሚያው መታጠፊያው ላይ መዋል የለበትም፤ ከዚያ ላይ እንደገና ይበጠሳል። ውፍረቱ ተመሳሳይ የሆነ፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ልል ሽቦ ወስዳችሁ አንዱን መጋጠሚያ በበሩ ውስጥ፣ ሌላውን በመኪናው አካል ውስጥ አድርጉ። ብዙ ሽቦ ከተቆረጠ መጋጠሚያዎቹን ከፍና ዝቅ አድርጓቸው፤ አንድ ላይ ሲከመሩ ጎማው ውስጥ አያልፉም። በቆርቆሮ ተበይዶ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ቢለብስ ይመረጣል። ናስትሮ በፀሐይ ሙቀት ሙጫው ይቀልጥና ይፈታል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መኪኖች ላይ የበሩ ሽቦ ቀድሞም የተቀጣጠለ ሊሆን ስለሚችል፣ የድሮውን መጋጠሚያ ፈልጋችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ስዊቹም ሽቦውም ደህና ከሆኑ የሞተሩ ተራ ነው። ስዊቹ ተይዞ በሩን ከውስጥ በኩል፣ በሞተሩ አካባቢ፣ በመዳፍ ጎን መታ መታ አድርጉ። በዚያ ከተነሳ የሞተሩ ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) አልቋል ወይም ተጣብቋል። መስታወቱን ወደ ላይ አውጡትና እስኪጠገን አትንኩት፤ ቀጥሎ ሲወርድ ላይመለስ ይችላል። ካርቦን የሚቀይር የመኪና ኤሌክትሪሺያን ካገኛችሁ ሙሉ ሞተር መግዛት አያስፈልግም። ሞተሩ ደጋግሞ ከሠራ በኋላ በድንገት ቆሞ፣ ጥቂት ደቂቃ ሲያርፍ የሚነሳ ከሆነ ግን አልሞተም፤ ሲግል ራሱን የሚያቋርጥ መከላከያ ስላለው ነው። ያኔ ለምን እንደጋለ ፈልጉ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ መስታወቱ የሚሄድበት ጎማ መድረቁ ነው።

በሩን መክፈት

እስካሁን ያለው ብዙው ሳይፈታ የሚሠራ ነው። ከዚህ በኋላ ግን የበሩ ልባስ፣ ማለትም የውስጥ ሽፋኑ መነሳት አለበት። ብሎኖቹ የሚደበቁባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፦ ከመክፈቻ እጀታው ጀርባ በትንሽ ክዳን ሥር፣ በሩን ስባችሁ በምትዘጉበት መያዣ ጎድጓዳ ውስጥ፣ አንዳንዴም ከስፔኪዮው (ከውጭ የኋላ ማሳያው) ጀርባ ባለው ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ ሥር። እነሱ ከወጡ በኋላ የልባሱን ዙሪያ ከታች ጀምራችሁ ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር አላቁት፤ ክሊፖቹ አንድ በአንድ ይለቃሉ። ከዚያ ወደ ላይ አንሱት። በድንገት አትሳቡ፤ የስዊቹ ሶኬትና የእጀታው ገመድ ገና አልተነቀሉም። አሮጌ ክሊፕ ይሰበራል፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ጥቂት ግዙ። የጎን ኤርባግ ያለው መኪና በሩ ውስጥ ዳሳሽ ሊኖረው ይችላል፤ ቢጫ ሶኬት ካያችሁ ቁልፉ ኦን ላይ ሆኖ አትንቀሉት።

ከልባሱ ኋላ የተለጠፈውን ላስቲክ አትቅደዱት። ዝናብ በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ምንጣፉ እንዳይዞር የሚከለክለው እሱ ነው።

ለፈተናው ከቴስተር (ከቮልት መለኪያ) ይልቅ ባለ 12 ቮልት አምፖል ይሻላል። በደንብ የማይገናኝ ሽቦ ቴስተር ላይ ሙሉ 12 ሊያሳይ ይችላል፤ አምፖል ሲጫንበት ግን አምፖሉ ይደበዝዛል። አምፖሉን በሞተሩ ሶኬት ሁለት ጫፎች መካከል አድርጉና ስዊቹን ተጫኑ። በሁለቱም አቅጣጫ ደምቆ ከበራ ሞተሩ ነው። ካልበራ ወደ ስዊቹና ወደ ማጠፊያው የጎማ ቱቦ ተመለሱ። ሞተሩን በቀጥታ ከባትሪ መሞከርም ይቻላል፤ ፊውዝ ባለበት ሽቦ፣ ለቅጽበት ብቻ፣ ጣት ከማንሻው ርቆ። የሞተሩ ሶኬት ከሁለት በላይ ሽቦ ካለው ግን ውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ስላለ ቀጥታ ባትሪ አታስነኩት።

ሞተሩ ይዞራል፣ መስታወቱ አይነሳም

መስታወቱ ወደ በሩ ውስጥ ከወደቀና ዝናቡ ከመጣ፣ መጀመሪያ መኪናውን አድኑ። ጫፉ ከታየ አንድ ሰው ስዊቹን ወደ ላይ ይዞ ሌላው መስታወቱን ከውስጥም ከውጭም በሁለት መዳፍ ጨምቆ ወደ ላይ ይሳበው። ሲወጣ ከፍሬሙ ጋር በሰፊ ፕላስተር ከላይ በኩል እሰሩት። ጨርሶ ከገባ ልባሱን አንሱ፣ መስታወቱን ማንሻው ላይ የያዙትን ቡሎኖች ፍቱ፣ በእጅ አውጡና ከሥሩ እንጨት ደግፉለት። የበር መስታወት ጠርዙ ብረት ከነካው ሙሉ በሙሉ ሊረግፍ ስለሚችል ጓንት አድርጉ።

ከዚያ ማንሻውን እዩ። ዓይነቱ ሁለት ነው። የገመድ ዓይነት ከሆነ ቀጭን የብረት ገመድ በፕላስቲክ መዘውር ላይ ይዞራል፤ ሲበላሽ መጀመሪያ ጠጠር የሚፈጭ ድምፅ ያሰማል፣ ከዚያ ገመዱ ተተልትሎ ይወጣል ወይም መስታወቱን የያዘው ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ፕላስቲኩ ብቻ ከሆነ ለብቻው የሚሸጥ አለ። ገመዱ ከተተለተለ ማሰር ወይም መበየድ ዋጋ የለውም፤ ማንሻውን በሙሉ ቀይሩት። ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። መርካቶ ሶማሌ ተራ የተፈታ ዕቃ ስትመርጡ የግራና የቀኝ ማንሻ እንደማይተካካ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹና ሶኬቱ ከእናንተው ጋር መግጠም እንዳለባቸው አስተውሉ፤ ገመዱንም በጣት ዳብሱት፣ የሚወጋ ክር ካለው አትውሰዱ።

ሁለተኛው የመቀስ ዓይነት ነው፤ ሁለት ብረት ክንዶች ተሻግረው በጥርስ ይንቀሳቀሳሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። የመስታወቱን ክብደት የሚያግዝ የተጠቀለለ ጠንካራ ስፕሪንግ ስላለ፣ ክንዶቹን በክላምፕ ሳታስሩ ሞተሩን ከፈታችሁ በኃይል ይወረወራሉ፤ ጣት ይቆርጣል። መጀመሪያ እሰሩ፣ ከዚያ ፍቱ። ጥርሱ የተበላው መሃል ላይ ብቻ ከሆነ መስታወቱ አንድ ከፍታ ላይ ይንሸራተታል። ጥርሶቹ ደህና ሆነው ሞተሩ ባዶውን የሚዞር ከሆነ በሞተሩ ማርሽ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ጥርስ ነው የረገፈው።

መስታወቱ ተጣሞ፣ አንዱ ጫፍ ቀድሞ የሚወጣ ከሆነ በአንድ በኩል ያለው መያዣ ለቋል። በግድ አታውጡት።

በጣም ከዘገየ

መኪናው ተነስቶ ሳለ ፈጥኖ፣ ጠፍቶ ሳለ የሚያዘግም ከሆነ ባትሪውን አስለኩ። ልዩነት ከሌለ መስታወቱ የሚሄድበት ጎማ በአቧራ ታፍኗል። ቀጭን እንጨት ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቦዩን ከላይ እስከ ታች ጥረጉት፤ የሚወጣው ጭቃ ያስደንቃል። ሲደርቅ ሲሊኮን ስፕሬይ ርጩና መስታወቱን ጥቂት ጊዜ አመላልሱት። ግራሶና የሞተር ዘይት እዚህ አይገቡም፤ ጎማውን ያሳብጣሉ፣ አቧራውንም ይሰበስባሉ። ግራሶ ቦታው የማንሻው ጥርስና ገመድ ነው።

ሊዘጋ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ

በአንድ ንክኪ የሚዘጋ መስታወት እጅ እንዳይቆነጥጥ ሲከለከል ወደ ኋላ ይመለሳል። የደረቀውን ጎማ እንቅፋት ብሎ ሊቆጥረውም ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አጽዱት። ባትሪ ከተነቀለ ወይም ማንሻው ከተቀየረ በኋላ ደግሞ መስታወቱ ጫፉ የት እንደሆነ ይረሳል። በብዙ ቶዮታ ላይ የሚሠራው ይህ ነው፦ መስታወቱን እስከ ግማሽ አውርዱ፣ ስዊቹን ወደ ላይ ስባችሁ ሳትለቁ እስኪዘጋ ያዙት፣ ከተዘጋም በኋላ ጥቂት ሰከንድ አትልቀቁ። በዋናው ስዊች ሳይሆን በዚያው በር ስዊች መደረግ አለበት። ስዊቹ ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን ትታ ጸንታ ከበራች ተስተካክሏል።