ንፍሮው ደሴ ላይ ለምን ይዘገያል? እምነትና መረጃ ሲደባለቁ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሁለት አክስቶች አሉኝ። አንዷ ደሴ ሆጤ ነች፣ ክርስቲያን። ሌላዋ ኮምቦልቻ ነች፣ ሙስሊም። ወሎ ነውና ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም። አንዷ ድስት ስትጥድ ታማትባለች፣ ሌላዋ ቢስሚላህ ትላለች። የባቄላ ንፍሮ ግን ሁሌም ደሴ ላይ ይዘገያል። የኮምቦልቻዋ «እሷ እሳት ማንደድ መች ታውቃለች» ትላለች።

እሳቱ ምንም አላደረገም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ገደማ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ብዙም ሳይግል ይፈላል። ደሴ ወደ 92 ዲግሪ፣ ኮምቦልቻ ወደ 94 ዲግሪ ላይ። ባቄላ ደግሞ ግለት ይወዳል። ድስቱ ውስጥ ቴርሞሜትር የነከረ ሰው፣ ቄስም ይሁን ሼህ፣ ያንኑ ቁጥር ያነባል። ተጨባጭ መረጃ የምለው እንዲህ ያለውን ነው። እምነት ሌላ ቤት አለው። ቤቱን ስንስት የምንሠራቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ጥያቄውን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን

ቦሩ ሜዳን ታውቋታላችሁ፣ ከደሴ አፍንጫ ሥር ናት። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን እዚያ ሰብስበው በክርስቶስ ባሕርይ ላይ አከራከሩ። ማስረጃው መጽሐፍና ትርጓሜ ነበር። በኋላ እዚያው ቦሩ ሜዳ በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቅ ሆስፒታል ተከፈተ። ሥጋ ደዌን ሰዉ እርግማን ይለው ነበር። ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን ግን በ1873 እ.ኤ.አ. ተህዋሲያኑን በማይክሮስኮፕ አየው። ዛሬ በእንክብል ይድናል። ሜዳው አንድ፣ ጥያቄው ሁለት። የሊቃውንቱን ክርክር በማይክሮስኮፕ፣ ሥጋ ደዌውን በጉባኤ እፈታለሁ የሚል ሰው ሁለቱንም ያበላሻል።

ያየነውንና የተረጎምነውን አንድ ማድረግ

አፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደነቁ፣ ቦታውንም «ደሴ»፣ ደስታዬ አሉት ይባላል። ነገሩን ፈታ አድርገን እንየው። ኮከቡ እውነት ነው። በ1875 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ዙሪያ ታይቷል፣ በቀን ብርሃን ሳይቀር፤ የከዋክብት ተመራማሪዎች መዝግበውታል። ንጉሡ ያሉት ነገር በአፍ የመጣ ትውፊት ነው። ኮከቡ የደስታ ምልክት ነው የሚለው ደግሞ እምነት። በአንዲት አጭር ታሪክ ውስጥ ሦስት ዓይነት ነገር አለ፣ እኛ ግን በአንድ ጉርሻ እንውጠዋለን።

ሰኔ 14 ቀን 2012 እሁድ ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ በግርዶሽ ቀለበት ስትሆን ደሴ ላይም ተሸርፋ ታየች። «አለቀልን፣ ምጽአት ደረሰ» ያለ ጎረቤት ነበረን። ሰዓቱ ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ የታወቀ ነበር። የኮምቦልቻዋ አክስቴ ግን አልደነገጠችም። ነቢዩ ሙሐመድ ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ተጋርዳ ነበር፤ ሰዎች ለሕፃኑ አዝና ነው ሲሉ እሳቸው ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት አይጋረዱም አሉ፣ ከዚያ ሰገዱ። እሷም ሰገደች። ስሌቱን ሳትክድ፣ ሶላቷንም ሳትተው።

የሰውን ጥፋት ለፈጣሪ መስጠት

እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። የ1965 እና 66ን ረሃብ ያዩ ሰዎች ዛሬም «የፈጣሪ ቁጣ ነበር» ይላሉ። የሐዘን ቋንቋ ነውና አልፈርድባቸውም። ዝናቡም በእርግጥ ቀርቷል። ግን ሌላም ነገር ሆኗል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ረሃቡን ደበቀ። ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን ቁጥሮቹን ሲመረምር ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ አገኘ። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው ማሳው ደርቆ፣ ከብቱ አልቆ፣ የሚሸጠው አጥቶ ነው የተራበው። እህል በሚሸጥበት ከተማ በር ላይ ሰው በረሃብ ወደቀ ማለት ነው። «ቁጣ ነው» ብለን ከዘጋነው የደበቀውን ባለሥልጣን ማን ይጠይቀዋል? ፈጣሪ ለምን ፈቀደ የሚለውን ካህኑና ሼሁ ይነጋገሩበት። እህሉ የት ነበር የሚለው የመዝገብ ጥያቄ ነው።

ፀበል ወይስ መድኃኒት ብሎ ማስመረጥ

አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ፓትርያርኩ ካላጋጯቸው እኛን ምን አጋጨን?

«ሳይንስም አረጋገጠው» እያሉ መለጠፍ

ቴሌግራም ላይ በየቀኑ ይመጣል። ጾም ለጨጓራ፣ ስግደት ለወገብ። ወገቡን ብቻ የፈለገ ስፖርት ቤት ይሂድ። ነገ ሌላ ጥናት «ለወገብ አይጠቅምም» ቢል መስገድ ልትተዉ ነው?

«ቲዎሪ ብቻ ነው» ማለት

ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲወራ ይቺ አትቀርም። በሰፈር ወሬ ቲዎሪ ማለት ግምት ነው። በሳይንስ ግን ብዙ ጊዜ ተፈትኖ የቆመ ማብራሪያ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጋችሁ ወደ ሚሌ ስትወርዱ የአፋር ምድር ይጀምራል። ሉሲ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው እዚያው አፋር፣ ሀዳር ላይ ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተባለው አጥንቷን ዐይቶ በመገመት አልመጣም። አካባቢው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ዕድሜ በላቦራቶሪ ተለክቶ ነው።

የማይለካውን ሁሉ ውሸት ማለት

ይሄ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የመጡ የአጎትና የአክስት ልጆች በሽታ ነው። እኔም ታምሜበት አውቃለሁ። የደሴዋ አክስቴ ለሞተ ወንድሟ ተዝካር ስታወጣ «ምን ይጠቅመዋል?» አልኳት። ዝም ብላ ጠላውን ቀዳችልኝ። ዛሬም ያሳፍረኛል። የጠየቅኳት መለኪያ የሌለው ጥያቄ ነበር፣ መልሱንም የማውቀው መስዬ ነበር።

ባለፈው ኮምቦልቻ ወርጄ ስለ 92 እና 94 ዲግሪው አስረዳሁ። በወረቀት ሥዬ ጭምር። አክስቴ በጥሞና ሰማችኝ፣ ሁለተኛውን ቡና ቀዳች፣ ከዚያ «እሺ፣ ባቄላውስ ይሁን» አለች። «ሽሮዋስ?»