ጋራዥዎን ከደብተር ወደ ኦንላይን መዝገብ ሲያዞሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ብዙ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ምርመራ የሚመዘገበው ዘይት በጠጣ ደብተር ላይ ነው። ደንበኛው ተመልሶ መጥቶ «ፍሬኑን አይታችሁልኝ አልነበር እንዴ?» ሲል ገጹ አይገኝም። ወደ ኦንላይን መዞሩ ጥሩ ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት ግን ሶፍትዌሩ ላይ ሳይሆን አመዘጋገቡ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት የወረቀቱን ቅጽ እንዳለ ስልክ ላይ መገልበጥ ነው። ሃምሳ መስመር፣ በየመስመሩ «ደህና ነው» የሚል ሳጥን። መካኒኩ ከመኪና ስር ወጥቶ፣ እጁ በግሪስ ተለውሶ፣ ሃምሳ ጊዜ ስክሪን አይነካም። ሁሉንም «ደህና» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይገላገለዋል። ቅጹን ያሳጥሩት። ሰው የሚገድለው ይቅደም፦ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ መብራት። ቅደም ተከተሉም መካኒኩ መኪናውን በሚዞርበት አካሄድ ይሁን።

ከዚያ ደግሞ ቅጹ ቁጥር ይጠይቅ። «የኋላ ግራ ፍሬን ሸራ፦ 4 ሚሊ ሜትር» የሚል መዝገብ በሚቀጥለው ምርመራ ሸራው ምን ያህል እንደተበላ ይናገራል። «ደህና» ግን ዛሬም ደህና፣ ከሦስት ወር በኋላም ደህና ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ታምቡሩ (ሸራውን የሚሸፍነው ክብ ብረት) ሳይወልቅ ሸራ በደንብ አይለካም። ስለዚህ ቁጥር የሚጠይቅ ቅጽ ሰነፉን መካኒክ ሳይወድ በግዱ ታምቡሩን ያስፈታዋል። ጭነት ጭኖ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ አይሱዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ፍሬን ደጋግሞ ሲረገጥ ይግላል፤ ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። እዚያ ላይ የሳጥን ምልክት ማንንም አያድንም። «አላየሁትም» የሚል ምርጫም ይጨምሩ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህን የሚመርጥ መካኒክ ነው።

ሁለተኛው ራስ ምታት ቀን ነው። አብዛኛው ሶፍትዌር የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። መካኒኩ 5/1/2018 ሲል መስከረም 5 ማለቱ ነው። ኮምፒውተሩ ግን እንደ አቀማመጡ ጃንዋሪ 5 ወይም ሜይ 1 ብሎ ይወስደዋል፣ ያውም ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ጎትቶ። ጳጉሜን 3ን 3/13 ብለው ቢያስገቡማ ወይ አይቀበልም፣ ወይ ማርች 13 ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የዘይት መቀየሪያ ማስታወሻው አለቀለት። መፍትሔው ቀላል ነው። ቀኑን ስልኩ ራሱ ይመዝግብ፤ የእኛው ቀን ደግሞ በሌላ አምድ፣ ወሩ በስሙ ተጽፎ ይቀመጥ።

በታርጋ ቁጥር ብቻ መዝገብ መክፈትም ጣጣ አለው። በነባሮቹ ታርጋዎች አንዱ ቁጥር ኮድ 2 ላይም ኮድ 3 ላይም፣ አማ ላይም አአ ላይም ሊኖር ይችላል። ኮዱን፣ ክልሉንና ቁጥሩን አብረው ይያዙ፤ የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ብቻ ሳይሆን ከመኪናው ላይ ያንብቡ። ፊደልና አሃዙ ተደምሮ 17 በሆነው የሻንሲ ቁጥር ውስጥ ኦ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል አይገባም። ኦ የሚመስል ነገር ካዩ ዜሮ ነው። ያገለገሉ ሆነው ከጃፓን የገቡ ብዙ መኪኖች ደግሞ ያጠረ የሻንሲ ቁጥር ስላላቸው፣ ቅጹ «የግድ 17 ይሁን» ካለ ይገፋቸዋል። ጎግል ሺትስ (የጎግልን የሠንጠረዥ ፕሮግራም) የሚጠቀሙ ከሆነ የታርጋውንና የስልኩን አምድ አስቀድመው የጽሑፍ አምድ ያድርጉት። አለበለዚያ 01234ን 1234 ያደርግብዎታል፤ ከደንበኛው ስልክ ቁጥርም ዜሮዋን ይበላል።

ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው የሚቆም ሶፍትዌር አይግዙ። ሻጩ ፊት የስልኩን ዳታ ያጥፉና አንድ ቅጽ ሞልተው ያስቀምጡ። ዳታውን መልሰው ሲከፍቱ መዝገቡ ሳይጎድል ወደ ኦንላይን ከሄደ ይበጃል። ካልሄደ አመስግነው ይሸኙት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓወር ባንክ ይበቃል፤ ስልክ እንደ ኮምፒውተር ጄኔሬተር አያስነሳም። የፎቶውንም መጠን ይቀንሱ። አንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ከሆነ፣ አሥር ፎቶ የተነሳ አንድ መኪና 40 ሜጋባይት ይበላል።

አንድ ፓስዋርድ ለሁሉም ሰው መስጠት በጣም የተለመደ ነው። ክርክር ሲነሳ «ማን ነው ያየው?» ለሚለው መልስ ይጠፋል። ለእያንዳንዱ መካኒክ የራሱን ይክፈቱለት፤ ሲለቅም በዚያው ቀን ይዝጉት። የተሳሳተ መዝገብ አይጥፋ፣ እርማቱ ከሥሩ ይጻፍ።

የደንበኛን ታርጋና ስልክ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍም ይቅር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የእርስዎ መዝገብ የዓመቱን የቴክኒክ ምርመራ እንደማይተካም ለደንበኛው ይንገሩት። «ጋራዥ አይተውልኛል» ብሎ የቦሎውን ጊዜ የሚያሳልፍ አይጠፋም።

አሮጌውን ደብተርስ? የዓመታቱን ሁሉ የሚተይብ ልጅ መቅጠር ገንዘብ ማባከን ነው። መኪናው ሲመጣ የመጨረሻውን ምርመራ ብቻ ያስገቡ። ደብተሩና ስልኩ ጎን ለጎን የሚሄዱበትን ጊዜ በአንድ ወር ይገድቡ። ካልገደቡት ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ይሆናሉ፤ የትኛው ላይ እንደተጻፈም ማንም አያውቅም። ደብተሩን ግን አይጣሉት። አይጥ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት፣ የኦንላይኑንም መዝገብ በየወሩ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ።