የ1954ቱን ብሔራዊ ቡድናችንን ፔስ ላይ እንዴት እንሥራው?

ባሕር ዳር ውስጥ የትኛውም ፕሌይስቴሽን ቤት ብትገቡ ባርሳ ነው፣ ሪያል ነው። ፔስ 2021 የሚባለው የኳስ ጌም ላይ ኢትዮጵያ የለችም። እኔና የአክስቴ ልጅ ግን የአፍሪካን ዋንጫ የበላውን ቡድን ራሳችን ሠራነው፤ እናንተም ትችላላችሁ።

መጀመሪያ የማትፈልጉትን አንድ ክለብ ምረጡና ኤዲት ውስጥ ገብታችሁ ስሙን ቀይሩ። ተጫዋቾቹንም አንድ በአንድ ስማቸውን ለውጡ። መብራት ድንገት ስለሚጠፋ ሁለት ሦስት ተጫዋች በጨረሳችሁ ቁጥር ሴቭ አድርጉ። እኛ ሰባት ተጫዋች ከሠራን በኋላ ጠፍቶብን ከዜሮ ጀምረናል። ማልያው ላይ ማስታወቂያም የተጫዋች ስምም አታድርጉ፣ ያኔ አልነበረም።

ዋናው ሥራ ለተጫዋቾቹ ችሎታ እስከ 99 ነጥብ መስጠቱ ነው። ብዙ ሰው ስለሚወዳቸው ብቻ ሁሉንም 99 ያደርጋቸዋል። እንደዛ ከሆነ ቡድኑ የነሱ መሆኑ ይቀራል። በእውነት ከተጫወቱት ጨዋታ ተነሥታችሁ ነጥብ ስጡ። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ሲያሸንፉ መንግሥቱ ወርቁ ሁለት አገባ፣ ፍጻሜው ላይ አንድ ጨመረ፤ በሦስት ጎል ከግብፁ ባዳዊ ጋር እኩል የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ስለዚህ ፊኒሺንጉን (ጎል የማግባት ችሎታውን) ከፍ አድርጉለት፣ ለባዳዊም አትሰስቱ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ ወንድሙን ኢታሎንም አትርሱት።

አሁን የፍጻሜውን ደቂቃዎች ተመልከቱ። ጥር 13 ቀን 1954፣ በጥምቀት ማግስት ማግስት፣ አዲስ አበባ። ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ መራች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው አቻ አደረገ፣ ግብፅ ወዲያው በ75ኛው መለሰች፣ ሉቺያኖ በ84ኛው እንደገና አቻ አደረገን። ከዚያ በጭማሪ ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ በ117ኛው። 4 ለ 2! ሁለቴ ተመርቶ፣ ሁሉንም ጎል ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ያገባ ቡድን ነው። እንግዲህ ከፍጥነት ይልቅ ስታሚናቸው (ሳይደክሙ የመሮጥ አቅማቸው) ላይ ነው መጨመር ያለባችሁ፤ እኛ ለአጥቂዎቹ 90 አካባቢ ሰጠን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የግብፆቹን ስታሚና ትንሽ ቀንሱት፤ ቴክኒካቸውን ግን አትንኩ፣ የ1957ቱንና የ1959ኙን ዋንጫ (በፈረንጆቹ) የወሰዱት እነሱ ናቸው። ደግሞ የዛሬዋን ግብፅ አትጠቀሙ። ሳላህ ያለበት ቡድን ሌላ ነው፣ የ1954ቷንም ግብፅ በሌላ ክለብ ላይ ሥሯት።

አሰላለፉን እኛ 4-2-4 አደረግነው። በዚያ ዘመን በሰፊው የሚታወቅ ስለነበር ነው የመረጥነው፤ ሰፈራችሁ ውስጥ ጨዋታውን በሬዲዮ የተከታተለ ሽማግሌ ካለ ግን ጠይቁ። እኛ አንድ ጋሼን ቡና ላይ ይዘን ስለ መንግሥቱ ስናስወራቸው አመሸን፤ ስለ ኳስ ቁጥጥሩ የነገሩንን ሰምተን ቤት ስንመለስ ነጥቡን በአራት ከፍ አደረግነው።

ስትጫወቱ ጭማሪ ሰዓቱን አብሩት፣ ተጫዋች አትቀይሩ። ግብፅን የሚይዘው ጎበዙ ይሁን። የአክስቴ ልጅ ባዳዊን ይዞ ሦስት ጊዜ አሸንፎኛል፤ በአራተኛው በ112ኛው ደቂቃ በኢታሎ አገባሁበት።