ትንሿ መኪና ነዳጅ ስታበዛ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

«መኪናዬ ነዳጅ መብላት ጀመረች» ብሎ ጋራዥ መግባት ቀላል ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምልክቱ በደንብ ካልተነገረው ጎበዝ መካኒክም መገመት ይጀምራል። ካንዴላ ይቀየራል፣ ፊልትሮ ይቀየራል፣ ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል ይታጠባል። ገንዘቡ ይወጣል፤ ፍጆታው ግን ንቅንቅ አይልም።

በእኔም ደርሷል። ሦስት ዕቃ ካስቀየርኩ በኋላ ጥፋቱ የተገኘው አንድ የኋላ ጎማ ላይ ነበር። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ከልክ በላይ ተወጥሮ ጎማውን ይዞት ኖሯል። ገመዱ ላላ ተደርጎ ሲስተካከል ነገሩ አለቀ። የተገዛ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከምልክቱ እጀምራለሁ፤ ዕቃ መቀየር የመጨረሻው ነው።

መጀመሪያ፦ እውነት ጨምሯል ወይ?

የነዳጅ ጌጁን አይመኑ። ቀስቱ እኩል አይወርድም፤ ከሙሉ እስከ ግማሽ ቀስ ብሎ ከግማሽ በታች የሚሮጥ ብዙ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው አማካይ ፍጆታም ግምት ነው።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። ታንኩን ይሙሉ፤ ማደያው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጭ ብሎ ሲቆም በዚያው ይብቃ። ኪሎሜትሩን ይመዝግቡ። እንደ ልማድዎ ይንዱ። ቀጥሎ ሲሞሉ የገባውን ሊትር በሄዱበት ኪሎሜትር አካፍለው በ100 ያባዙ። ለምሳሌ 420 ኪሎሜትር ሄደው 27.3 ሊትር ከገባ፣ ፍጆታዎ በ100 ኪሎሜትር 6.5 ሊትር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለክተው አይደምድሙ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ ቢቻል እዚያው ማደያ።

ልኬቱ በእርግጥ ጨምሮ ከተገኘ፣ መቼ እንደጀመረ ያስታውሱ። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ነው? ከሰርቪስ በኋላ? አየሩ ሲቀዘቅዝ? መንገድ ሲቀይሩ? ሌላ ሰው መንዳት ሲጀምር? የዚህ ጥያቄ መልስ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

ምልክት፦ መኪናዋ ከብዳለች፤ ነዳጅ መስጫውን ስለቅ ቶሎ ትዝላለች

ሜዳ መንገድ ላይ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ መኪናዋ ሳብ ብላ መሄድ አለባት። አንድ ነገር ወደኋላ የያዛት ያህል ከተሰማዎት ጥፋቱ ሞተሩ ላይ ሳይሆን ጎማው አካባቢ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ይህን ክፍል በሰፊው የምጽፈው ብዙ ሰው ስለሚዘለው ነው።

ከነፋሱ ይጀምሩ። የዛሬ ጎማ ነፋሱ በ6 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ ነው) ቢወርድም በዓይን ላያስታውቅ ይችላል። በእግር መትቶ ማወቅም አይቻልም። ሳይቀዳደም እንኳ ጎማ በወር 1 ወይም 2 ፒኤስአይ በራሱ ይቀንሳል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል። የጎደለ ጎማ ሲሽከረከር ይተጣጠፋል፤ ለዚያ የሚሆነው ጉልበት ከነዳጅ ነው የሚመጣው።

ስንት ይሞላ? መልሱ የሾፌሩ በር ሲከፈት ጠርዙ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ስለሆነ እሱን አይከተሉ። የፊትና የኋላው መጠን ሊለያይ ይችላል፤ ሙሉ ሰው ሲጫን ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ። ልኬቱ ጎማው ሳይሞቅ ይሁን፤ ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ከረጅም ጉዞ በኋላ የሚለካ ጎማ ስለሞቀ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ያንን አይተው ካስተነፈሱት ማታ ጎዶሎ ይሆናል።

ነፋሱ ልክ ሆኖ ክብደቱ ካልቀረ ወደ ፍሬን ይሂዱ። 15 ደቂቃ ያህል ይንዱ፤ ፍሬን ብዙ ሳይረግጡ ቀስ ብለው ይቁሙ። ከዚያ እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ጠጋ አድርገው ሙቀቱን ያወዳድሩ። ዲስኩን እንዳይነኩ፤ ያቃጥላል። አንዱ ከወዲያኛው ጓደኛው በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ ፍሬኑ ይዞታል። ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ዝገው ሊሆን ይችላል። የካሊፐሩ ፒስተን ተጣብቆ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ወይም እንደኔ የእጅ ፍሬን ገመዱ ተወጥሮም ሊሆን ይችላል። ፒኖቹ ጸድተው የፍሬን ግሪስ ሲቀቡ ብዙው ይስተካከላል። ይህን ግን የሚያውቅ ሰው ይሥራው፤ ፍሬን መሞከሪያ አይደለም።

ጎማው በአንድ ወገን ብቻ እየተበላ ወይም መሪው ወደ አንድ ጎን እየሳበ ከሆነ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ያሠሩ። ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ጎማውንም ያተርፋሉ።

ምልክት፦ የሞተር ሙቀት ጌጁ መሃል አይደርስም

ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ አብዝቶ ይጠቀማል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ቤንዚን ይጨምርለታል። ሞተሩ ሲሞቅ ያ ጭማሪ ይቀራል። ስለዚህ 2 ኪሎሜትር ሄዶ መቆም፣ ቀዝቅዞ እንደገና 2 ኪሎሜትር መሄድ ከሁሉ የከፋ አነዳድ ነው። እዚህ ላይ የተበላሸ ነገር የለም። ጉዳዮችዎን በአንድ ዙር መጨረስ ከቻሉ ያ ነው መድኃኒቱ። ጠዋት ጠዋት መኪናዋን አስነስቶ 10 ደቂቃ ማቆምም አያስፈልግም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቀው ረጋ ብለው መንዳት ይጀምሩ፤ ሞተሩ እየሄደ ቶሎ ይሞቃል።

20 ደቂቃ ነድተውም ጌጁ ዝቅ ብሎ ከቀረ ግን ቴርሞስታቱን ይጠርጥሩ። ሥራው ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ማገድ ነው። ክፍት ሆኖ ከተጣበቀ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ነዳጁም ሁልጊዜ የቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ ነው። ለመለየት ሞተሩን ከቀዝቃዛ አስነስተው ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን የላይኛውን ቱቦ ከማራገቢያው ርቀው ይዳስሱ። ደህና ከሆነ ቱቦው ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በድንገት ይሞቃል። ገና ከመነሻው ለብ እያለ ከሄደ ክፍት ነው።

«እንዳትሞቅ» ተብሎ ቴርሞስታቱ ጭራሹን የወጣላቸው መኪኖችም አሉ። ያገለገለ መኪና ከገዙ ይህን ይጠይቁ፤ ከሌለ ያስገቡ። ዋጋው ከብዙ የሞተር ዕቃ ያነሰ ነው፤ ሞተሩንም ከመበላት ያድነዋል።

ምልክት፦ ቤንዚን ይሸታል፣ የጭስ ማውጫው ጥቁር ነው፣ የቼክ ኢንጂን መብራት በርቷል

መኪናዋ ቆማ፣ ሞተሩም ጠፍቶ ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ሌላውን ሁሉ ይተዉት። ነዳጅ እያፈሰሰች ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ እሳት ነው። አያስነሷት። ባለሙያው ወዳለችበት ይምጣ።

ሽታው ከጭሱ ጋር ከሆነና የማርሚታው ጫፍ በጥቁር ጥላሸት ከተሸፈነ፣ ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል እየወጣ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሦስት ናቸው፦ ያረጀ የኦክስጅን ሴንሰር፣ የተሳሳተ ሙቀት የሚናገር የውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ ወይም ያለቀ ካንዴላ። ሲበላሹ ግን አይመሳሰሉም። ሴንሰሮቹ ሲያረጁ ሞተሩ ምንም ሳይንቀጠቀጥ ነዳጅ ብቻ ሊጨምር ይችላል። ካንዴላ ሲያልቅ ግን ሞተሩ ይቆራርጣል፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት ሲዞር) ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ይሰንፋል።

መብራቱ በርቶ ከሆነ በስካነር ኮዱ ይነበብ። ኮዱ የሚነግረው የት መፈለግ እንዳለበት ነው እንጂ ምን እንደሚቀየር አይደለም። «የኦክስጅን ሴንሰር» የሚል ኮድ በተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ወይም በተበላሸ ገመድም ሊመጣ ይችላል። መካኒኩ ሴንሰሩን ከመቀየሩ በፊት ቱቦውንና ገመዱን እንዲያይ ይጠይቁ። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን መንዳትዎን ያቁሙ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያቃጥለዋል፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው።

ስለ አየር ማጣሪያ አንድ ነገር ልበል፤ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነውና። በድሮ የካርቡሬተር መኪና የቆሸሸ ማጣሪያ በእርግጥ ነዳጅ ያስበላል። በኢንጀክሽን መኪና ግን ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን ስለሚቀንስ፣ የሚጎድለው በዋናነት ጉልበቱ ነው። ማጣሪያውን በጊዜው ይቀይሩት፤ የነዳጅ ችግርዎን ግን ይፈታል ብለው አይጠብቁ።

ምልክት፦ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም

ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጡ የሞተሩ ዙር ወደ ላይ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ያለቀ ፍሪሲዮን ይቀየራል፤ ሌላ መላ የለውም። አውቶማቲክ ከሆነች የካምቢዮ ዘይቱ መጠንና ጥራት ይታይ።

ምልክት፦ ከተማ ውስጥ ብቻ ይበዛል

እዚህ ዋናው ምክንያት መቆምና መነሳት ነው። በፈጣን መነሻ የሰበሰቡት ፍጥነት በሚቀጥለው ፍሬን ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። አርቀው ይመልከቱ። የትራፊክ መብራቱ ቀይ መሆኑን ካዩ እግርዎን ቀደም ብለው ያንሱ። ይህን ሲያደርጉ ማርሽ አያውጡ። የኢንጀክሽን መኪና በማርሽ እየተንከባለለች እግርዎ ነዳጅ መስጫው ላይ ካልሆነ ኖዝሎቹ ነዳጅ ያቋርጣሉ። ኒውትራል ላይ ካደረጓት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይወስዳል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ የሚሰጠውን መያዝ ያሳጣዎታል፤ ፍሬኑም ይግላል። ለቁጠባ ብሎ ቁልቁለትን በኒውትራል መውረድ እባክዎ ይቅር።

ሞተር አስነስቶ መቆምም ድምር አለው። አንድ ትንሽ ሞተር በሚኒሞ በሰዓት 0.6 ሊትር ይወስዳል ብንል፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በ25 ቀን 7.5 ሊትር ይሆናል። ኤሲ ከበራ ይጨምራል። ኤሲው ትልቅ መኪናም ላይ ጉልበት ይወስዳል፤ 1000 ሲሲ ሞተር ላይ ግን ድርሻው ከፍ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይሰማዎታል። ጭነትም እንደዚያው። 900 ኪሎ የምትመዝን መኪና ላይ 70 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ሰዎች ሲቀመጡ 280 ኪሎ ተጨመረ ማለት ነው፤ የራሷ ክብደት ሲሶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሰው መጫን የግድ ነው፤ የኋላ ሻንጣው ውስጥ የከረመው ዕቃ ግን ይውረድ።

ምልክት፦ ረጅም መንገድ ላይ ብቻ ይበዛል

ፍጥነት ነው። የአየር ግፊት ከፍጥነቱ ጋር በእኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ ሲጨምር እሱ በካሬ ይጨምራል። ከ100 ወደ 120 ኪሎሜትር በሰዓት ሲወጡ መኪናዋን የሚገፋት አየር በ44 በመቶ ይከብዳል። ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ (የዕቃ መጫኛ) ካለ፣ ባዶም ቢሆን አየሩን ይጎትታል፤ ሲያስፈልግ ብቻ ይታሰር። በዝግታ ሲነዱ መስኮት መክፈት ይሻላል፤ በፍጥነት ሲነዱ ግን መስኮቱን ዘግቶ ኤሲውን በልኩ መጠቀም።

ምልክት፦ ከሰርቪስ ወይም ከጎማ ቅያሬ በኋላ ጀመረ

ምን ዘይት እንደገባ ይጠይቁ። መመሪያው 5ደብልዩ-30 (ቀጠን ያለ ዘይት) እያለ 20ደብልዩ-50 (ወፈር ያለ) ከገባ ሞተሩ ወፍራሙን ዘይት ለመግፋት ጉልበት ያባክናል፤ በተለይ ገና ሳይሞቅ።

ጎማው ከቀድሞው ተለቅ ካለ ደግሞ ምናልባት ምንም የጨመረ ነገር የለም። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ኪሎሜትር መቁጠሪያው አሳንሶ ይቆጥራል። ዙሪያው 5 በመቶ ከበለጠ፣ 420 ኪሎሜትር ሄደው 400 ያሳያል። በዚህ ጉዞ 26 ሊትር ከገባ፣ በ400 አካፍለው በ100 ሲያባዙት 6.5 ይወጣል፤ እውነተኛው ግን 6.2 ገደማ ነው። በስልክዎ ጂፒኤስ ረዘም ያለ መንገድ ለክተው ከዳሽቦርዱ ጋር ያስተያዩ፤ የፍጥነት ጌጁም በዚያው ልክ አሳንሶ ሊያሳይ ስለሚችል ልዩነቱን ይወቁት።